የአንድ አውራጃ ገበሬዎችና የእህል መድን ሕግ

ገበሬ ዘሩን ለመሬት አደራ ሰጥቶ ዝናብ በቀረበት ጊዜ ጉዳቱን ማን ይክፈለው? ይህ ጥያቄ አሜሪካኖችን ብዙ ዘመን አከራክሯል። በ1887 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ድርቅ ለጐዳቸው ገበሬዎች የዘር መግዣ 10,000 ዶላር እንዲሰጥ ምክር ቤቱ ቢወስን፣ ፕሬዚደንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ሕዝብ መንግሥትን ይደግፋል እንጂ መንግሥት ሕዝብን ሊደግፍ አይገባውም በማለት ሕጉን ሳይፈርሙበት መለሱት። ቀኑ ፌብሩዋሪ 16 ነበር። ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1938፣ የፌዴራል የእህል መድን ድርጅትን ያቋቋመው ሕግ በፕሬዚደንት ሩዝቬልት ፊርማ ጸና።

ሥራው በስንዴ ተጀመረ። ገበሬው አረቦኑን በስንዴ ወይም በዋጋው ይከፍላል፤ አዝመራው ሲጠፋ ደግሞ ከአማካይ ምርቱ ከ50 እስከ 75 በመቶ ድረስ ዋስትና ያገኛል። ድርጅቱ በየማሳው ሊገኝ ስለማይችል፣ ማመልከቻውን የሚቀበለው የአውራጃው የእርሻ ኮሚቴ ነበር። ነገሩ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በ1945 ዓ.ም. ማርች ወር በአይዳሆ ግዛት፣ በቦንቪል አውራጃ የሚኖሩ ገበሬዎች 460 ኤከር ስንዴ (በእኛ ልክ ከአራት ጋሻ ተኩል በላይ ይሆናል) መድን እንዲገባላቸው አመለከቱ። ከዚህም 400 ኤከሩ ከብርዱ ወራት በፊት ስንዴ ተዘርቶበት የነበረና ዳግመኛ የተዘራ መሆኑን ለኮሚቴው ነገሩት። ኮሚቴውም ሁሉም መድን ይገባዋል ሲል አረጋገጠላቸው፤ በጽሑፍ ማመልከቻው ላይ ግን የዳግም ዘሩ ነገር አልሰፈረም። በጁላይ ድርቁ አብዛኛውን አዝመራ አጠፋው። ካሣ ሲጠይቁ፣ ዳግመኛ የተዘራ መሬት መድን እንደማይገባው የሚያዝ ደንብ በመንግሥቱ ጋዜጣ በፌብሩዋሪ ታትሟልና አንከፍልም ተባሉ።

የአይዳሆ ፍርድ ቤቶች ለገበሬዎቹ ፈረዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ኖቬምበር 10 ቀን 1947 በአምስት ድምፅ ለአራት ለመንግሥት ፈረደ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር፣ ከመንግሥት ጋራ የሚዋዋል ሰው የሹሙን ሥልጣን ወሰን ራሱ መርምሮ ማወቅ አለበት፤ ጋዜጣው ላይ የወጣ ደንብ ሁሉን ሰው ያስራል አሉ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በተቃውሟቸው፣ ያንን ወፍራምና አሰልቺ ጋዜጣ በየጊዜው ሲያነብ የሚውል ገበሬ የሚዘራበት ጊዜ ስለማያገኝ መድንም አያስፈልገውም ሲሉ በምፀት መለሱ።

የብዙኃኑ ምክንያት ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስባል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ የገጠር ገበሬ መንግሥት ማለት በአካል የሚያየው ያ ኮሚቴ ነው። አረቦኑን የተቀበለ እጅ፣ ቃሉ ሲጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም መባሉ የጃክሰንን ምፀት ያጠነክረዋል።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ብዙ ተለዋወጠ። በ1973 ዓ.ም. ስንዴ፣ የከብት መኖ እህልና ጥጥ ለሚያመርቱ ገበሬዎች አረቦን ሳይከፈል የአደጋ ካሣ በቀጥታ እንዲሰጥ ተደነገገ። ወጪው ስለ ከበደ በ1980 ዓ.ም. የወጣው ሕግ መድኑን አስፋፍቶ ከአረቦኑ እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ።

የቦንቪሉ ፍርድ ግን እንደ ጸና ቆየ። በ1990 ዓ.ም. ከባሕር ኀይል በሕመም የተሰናበተ አንድ ብየዳ ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ በተሻረ ሕግ መሠረት በሰጠው ምክር ተመርቶ ትርፍ ሰዓት በመሥራቱ የስድስት ወር አበል በተከለከለ ጊዜ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንኑ የስንዴ ጉዳይ ጠቅሶ ፈረደበት።