ቺካኖ
የሜክሲኮ የዘር ሐረግ ያላቸው አሜሪካውያን መጠሪያ ነው፤ ድሮ ግን ስድብ ነበር። ድሃውን የጉልበት ሠራተኛ ዝቅ አድርገው ይጠሩበት ነበር፤ ያውም አንዳንዴ ኑሮ የተሻላቸው የገዛ ወገኖቹ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ሲወጡ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ስፓኒሽ በመናገራችን መቀጣታችን ይቅር የሚል ነበር። በዓመቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ሳንታ ባርባራ ተሰብስበው ማኅበሮቻቸውን በአንድ ስም ሲያዋህዱ፣ «ሜክሲኮ አሜሪካዊ» የሚለውን ጨዋ መጠሪያ ትተው ስድቡን መረጡ። ብልሃቱ ይገባኛል፤ ቃሉን ከሰዳቢው እጅ መንጠቅ ነው። ቃሉ ሲወረወርባቸው ለኖሩ ወላጆች ግን፣ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎት ቤት ሲመጣ በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም።