የሕንድ መንደር በራሱ የታጠረ ዓለም ነበርን?

የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሹም የነበረው ቻርልስ ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ1830 የሕንድን መንደሮች ከትንንሽ ሪፐብሊኮች ጋር አመሳሰላቸው። ሥርወ መንግሥት ቢወድቅ ቢነሣ፣ መንደሮቹ የሚያሻቸውን ሁሉ ከራሳቸው እያገኙ ሳይለወጡ ይኖራሉ ማለቱ ነበር። ካርል ማርክስ በ1853 ተቀራራቢ ሥዕል ሣለ፤ ጋንዲ ደግሞ ራሷን የቻለች መንደር የነፃይቱ ሕንድ መሠረት እንድትሆን ተመኘ። በመንደሩ እነማን እንደሚኖሩና ከየት እንደመጡ ስንመረምር ግን ይህ ሥዕል አይጸናም። የመንደሩ ሰው በጋብቻ፣ በገበያና በግብር ከሩቁ ጋር የተሳሰረ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ጋብቻ ነው። በሰሜን ሕንድ በብዙዎቹ የሂንዱ ካስቶች (በውልደት የሚወሰኑ የማኅበረሰብ መደቦች) ልማድ፣ የአንድ መንደር ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ እርስ በርስ አይጋቡም፤ የተጋቢዎቹ ካስት ግን አንድ መሆን አለበት። ልጅቷ ተድራ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች፤ ለወንድሟም ሚስት ከሌላ ቦታ ትመጣለታለች። በዚህም የተነሣ በእንዲህ ያለ መንደር ካሉት ባለትዳር ሴቶች አብዛኞቹ ተወልደው ያደጉት ሌላ ስፍራ ነው። የሕንድ የሕዝብ ቆጠራም ሴቶች የትውልድ ቦታቸውን የሚለቁበት ዋናው ምክንያት ጋብቻ መሆኑን ያሳያል። በደቡብ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማግባት የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ይለያል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሆኖም በመንደሩ ሁለት ሦስት ቤት ብቻ ያለው የፀጉር አስተካካይ ወይም የልብስ አጣቢ ካስት እዚያም ቢሆን ለልጁ ትዳር ወደ ውጭ ማማተሩ አይቀርም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከጃጅማኒ ሥርዓት ነው። ዊሊያም ዋይዘር በ1936 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ልብስ አጣቢው ባለመሬቱን በዘር ውርስ ያገለግሉ ነበር፤ ዋጋቸውንም በእህል ይቀበሉ ነበር። ይህ ራስን መቻል አይደለምን? አይደለም። ብረቱና ጨዉ ለአብዛኛው መንደር ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ በገንዘብ የሚከፈለው የመሬት ግብር ገበሬውን እህሉን ወደ ገበያ እንዲያወጣ ያስገድደው ነበር። ከ1834 ጀምሮ ደግሞ ብዙ የመንደር ሰዎች፣ በተለይ ከቢሃርና ከአካባቢው፣ በኮንትራት ሠራተኝነት ወደ ሞሪሸስ የሸንኮራ እርሻዎች ተሻገሩ። የታጠረ ዓለም እንዲህ አይፈስስም።

በ1948 በማይሶር አቅራቢያ ራምፑራ ብሎ የሰየማትን መንደር ያጠናው ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ መንደር ራሱን ችሎ አያውቅም ባይ ነው፤ ግን ሰዎቹን የሚያስተሳስር እውነተኛ ማኅበረሰብ መሆኑን አጥብቆ ይሟገታል። በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ትስስሩ የእኩሎች አልነበረም፦ በቁጥርና በመሬት የበረታው የገበሬ ካስት ሌላውን ይዳኝ ነበር፣ የማይነኩ የተባሉት ደግሞ ተለይተው በመንደሩ ዳር ይኖሩ ነበር። በዚያው በ1948 ኅዳር ወር፣ የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረውና ራሱም ከማይነኩት ወገን የተወለደው አምበድካር ሕገ መንግሥቱ መነሻው መንደር ሳይሆን ግለሰብ እንዲሆን የተከራከረው ይህን ግፍ በገዛ ሕይወቱ ስለሚያውቀው ነው፤ የፍርዱ ትክክለኛነት ለእኔ አያጠራጥርም። በ1992 የጸደቀው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለእነዚሁ የተገለሉ ካስቶች በመንደር ምክር ቤቶች እንደ ቁጥራቸው መጠን መቀመጫ መደበ፤ ከመቀመጫዎቹም ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የሴቶች እንዲሆን ደነገገ።