ዘንባባና ሰርተፊኬት፦ በጎ ፈቃድ በቁጥር ሲሸለም

በእናቴ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ወረቀት አለ። የመሠረተ ትምህርት ፈተና ማለፏን የሚመሰክር ሰርተፊኬት ነው። እናቴ ስሟን ትጽፋለች፤ ከዚያ ያለፈውን ማንበብ ግን የእኛ የልጆቿ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ልጅ ሳለሁ ወረቀቱን አውጥቼ፣ «እማዬ፣ አልፋለች ይላል እኮ!» ብላት ሳቅ ብላ፣ «እኔስ አልፌ ነበር ልጄ፤ ፊደሉ ነው ወደኋላ የቀረ» አለችኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሀገራችን የዘመቻ ታሪክ ግማሹ እንዳለ ይሰማኛል።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳቸው ለጋራ ጉዳይ ሲሠሩ፣ የሥራቸውን ብዛት ቆጥሮ መሸለም ሥራውን ያጠነክረዋል ወይስ ያበላሸዋል? ጥያቄው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ይምሰል እንጂ እኛ ዘንድ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩንም ለመከተል ከምዕራብ ጎጃም የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው ገበሬ ሁለት ዓይነት የኅብረት ሥራ ያውቃል። አንደኛው ወንፈል ነው። በወንፈል አንተ ለእኔ አንድ ቀን ካረስህ እኔም ለአንተ አንድ ቀን አርሳለሁ፤ ቀኑ በጥንቃቄ ይቆጠራል፤ የቀረ ቀን እንደ ዕዳ ይያዛል። ሁለተኛው ደቦ ነው። በደቦ ጊዜ ባለ አዝመራው እንጀራውንና ጠላውን ያሰናዳል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጭድለታል ወይም ይወቃለታል፤ ማን ስንት ነዶ እንዳሰረ የሚጽፍ ሰው ግን የለም። ይህ ማለት በደቦ ክብር የለም ማለት አይደለም። ብርቱው አጫጅ በዘፈን ይወደሳል፣ ሰነፉም በዘፈን ይነካል። ነገር ግን ውዳሴውን የሚሰጡት አጠገቡ ጎንበስ ብለው የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው፤ ሥራውን በዓይናቸው ያያሉ፣ አታላዩንም ያውቁታል። እድርም እንዲሁ የራሱ ጥበብ አለው። እድር ከቀብር የቀረን ሰው ይቆጥራል፣ ይቀጣልም፤ ከሁሉ አብዝቶ ለቀስተኛ ቤት የተመላለሰውን ሰው ግን አይሸልምም። እድርተኛ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ተጽፎ ባይገኝም ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ለቀስተኛ ቤት በመመላለስ ሽልማት የሚገኝ ከሆነ፣ መምጣቱ ማጽናናት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ አባቶቻችን መቁጠርን አልጠሉትም፤ ቁጥርን ለዕዳና ለግዴታ አዋሉት፣ ለክብር ግን የሰው ምስክርነትን አስቀመጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ ልለፍ። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከቡሬ ምሽጉ ለቅቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበር የተሻገሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚሁ መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ፣ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደሆነ በአካባቢው ይነገራል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከመድረሳቸው በፊት ለዓመታት ጠላትን በየምሽጉ አፍነው የያዙት እንደ እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች፣ ከእነሱም ጋር ስማቸው ያልተመዘገበ ብዙ ገበሬዎች ነበሩ። ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ስንቃቸውም ጠመንጃቸውም ከቤታቸው የወጣ ነበር። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባል ነገር ካለ ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ከድል በኋላ መንግሥት ይህን ውለታ መመለስ ነበረበት። ከሽልማቶቹም አንዱ የአርበኝነት ሜዳይ ነበር። በሜዳዩ ጥብጣብ ላይ የሚቀመጡት ዘንባባዎች የአርበኝነቱን ዘመን ቁጥር ያመለክታሉ፤ አንድ ዘንባባ አንድ ዓመት ነው። «ባለ አምስት ዘንባባ» የተባለ ሰው ከወረራው መጀመሪያ እስከ ድሉ በዱር የቆየ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የተቆጠረው የተገደለ ጠላት ወይም የተማረከ ጠመንጃ አይደለም። ግዳይን ቆጥሮ ማዕረግ መስጠት እኛ ዘንድ የኖረ ልማድ ነበር፤ ፉከራውም፣ የአንበሳ ጎፈሩም ከዚያው የመጣ ነው። ዘንባባው ግን የቆጠረው ዓመትን፣ ማለትም መጽናትን ነው። መጽናት ደግሞ የመኳንንት ልጅና የጭሰኛ ልጅ እኩል ሊያቀርቡት የሚችሉት ነገር ነው። በዚህ ረገድ ቁጥር ለድኃው መከታ ሆኖለታል፤ የእሱም አንድ ዓመት የጌታውም አንድ ዓመት እኩል አንድ ዘንባባ ነውና።

ከዚህ ጎን ለጎን በቁጥር ሳይሆን በችሮታ የተሰጠው ማዕረግ ምን እንዳደረገ እናስታውስ። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተባለ፤ ከእሱ ያነሰ የሠሩ የበለጠ ተሾሙ የሚለው ቅሬታ ግን በጎጃም እስከ ዛሬ አልበረደም። ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መሞቱም ቅሬታውን ወደ ቁስል ለወጠው። ለጠላት ያደሩ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ ያየ አርበኛ ብስጭቱ ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። እንግዲህ «ቁጥር የሰውን ልብ አይለካምና ይቅር» ለሚሉ ወገኖች የማቀርበው መልስ ይኸው ነው። ቁጥሩ ሲቀር በቦታው የሚተካው ብዙ ጊዜ ፍትሕ አይደለም፤ አማላጅ ነው።

ሆኖም ዘንባባውም እንከን ነበረበት። በዱር ያደረው ሰው ምስክር አለው። በከተማ ተቀምጦ ወሬና ጥይት ያቀብል የነበረው የውስጥ አርበኛስ? ሥራው ምስክር እንዳይኖረው ተጠንቅቆ የሠራ ሰው፣ በድል ማግሥት ምስክር አምጣ ሲባል ከየት ያመጣል? እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ጥቂቶች ስማቸው ወጣ። ሌሊት ፈጭታ ስንቅ ያቀበለችው የቡሬ ሴት ግን የሚቆጥርላት አልነበረም፤ ያለ እሷ ዱቄት ግን ባለ አምስት ዘንባባው አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ሳምንት አይቆይም ነበር።

ከአርበኞች ወደ እናቴ ወረቀት ልመለስ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓላማው ታላቅ ነበር። ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ወረደ፤ ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። በዛፍ ጥላ ሥር በጥቁር ሰሌዳ ያስተማሩትን ወጣቶች ድካም ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ችግሩ የመጣው ከቆጠራው ነው። የየዙሩ ውጤት የሚለካው በተመዘገበና «ባለፈ» ሰው ብዛት ሆነ። ፈታኙ፣ ሪፖርት አቅራቢውና በሪፖርቱ የሚመሰገነው ወገን አንድ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ከሕዝቡ 93 ከመቶው መሃይም ነበር ተብሎ የተጀመረው ታሪክ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ማንበብ የሚችለው ከ60 ከመቶ በላይ ሆኗል በሚል መንግሥታዊ መግለጫ ተደመደመ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ከሩብ በታች አገኘው። የመካከሉ ልዩነት ሁሉ ውሸት ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ተምሮ ረስቷል፣ የሚያነብበውም አላገኘም፣ ጦርነትና ረሃብም ነበር። ነገር ግን መርሳቱን የሚቆጥር ሰንጠረዥ አልነበረም። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ማለፍን ብቻ ነበር፤ ፊደሉ ወደኋላ ሲቀር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

የዚያ ዘመን «ኮከብ ሠራተኛ» ሽልማትም የራቀ ምንጭ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1935 በሶቪየት ኅብረት ስታኻኖቭ የተባለ የማዕድን ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል ቆፈረ ተብሎ ጀግና ሆነ፤ ይህም ከተመደበለት 14 እጥፍ ነበር። ከኋላው ዋሻውን በእንጨት እየደገፉ የተከተሉት ባልደረቦቹ ግን ከቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። ሥራው የቡድን፣ ኮከቡ የአንድ ሰው ሆነ።

ታዲያ ቁጥር ሁልጊዜ ያታልላል ማለት ነው? አይደለም፤ ማስረጃዬም ከዚያው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አንጀኒ የሚባል ተፋሰስ አለ። በ1976 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ድጋፍ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመበት፤ ስፋቱ 113 ሄክታር ያህል ነው። በተፋሰሱ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ፤ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ እየወረወሩ የሚክቡት ዓይነት ነው። ተመራማሪዎቹ የሠሩት ትልቅ ነገር ግን የእርከኑን ርዝመት መለካታቸው አይደለም። ወንዙ ከተፋሰሱ በሚወጣበት አፍ ላይ ቆመው ውኃው ምን ያህል አፈር ይዞ እንደሚሄድ ዓመት ከዓመት መለኩ። ወንዝ ደግሞ ለሪፖርት አያጎበድድም። እርከኑ ከሠራ ውኃው ይጠራል፤ ካልሠራ ይደፈርሳል።

ይህን ከዘመናችን ዘመቻዎች ጋር እናነጻጽረው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ የአማራ ክልል ገበሬ ያለ ክፍያ ለብዙ ቀናት እርከን ሲሠራ ቆይቷል። ሥራው ብዙ ተራራ አድኗል፤ ሪፖርቱ ግን በኪሎ ሜትርና በሰው ቁጥር ነው፤ «ሞዴል» የሚባለውም ቀበሌ በዚሁ ይለያል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ በኋለኞቹ ዓመታት የአንድ ቀን ዕቅዱ ከ500 ሚሊዮን አለፈ። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር በአንድ የተከላ ቀን ተሰልፌያለሁ። አንዷ ተማሪ ጉድጓዱን አስፍታ፣ ፕላስቲኩን ቀድዳ፣ ሥሩን አስተካክላ እስከ ቀትር አሥራ ሁለት ችግኝ ተከለች። አጠገቧ የነበረው ልጅ ሁለት ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ እየከተተ ከፕላስቲካቸው ጋር ቀበራቸው፤ በመዝገቡ ግን ስሙ ከላይ ነበር፤ ማታም የተጨበጨበለት ለእሱ ነው። በዓመቱ ስንመለስ የእሷ መስመር ላይ ዘጠኝ ቆመው አገኘን። የእሱን መስመር ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔም የዚያን ቀን አብሬ አጨብጭቤ ነበርና ከተጠያቂነቱ አልወጣም።

የሽልማትን ጥቅም ለመካድ እንዳልቸኩል የሚያደርጉኝ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ ሁለቱም በዊኪፔዲያ ላይ ያለ ክፍያ የሚጽፉ ሰዎችን የሚመለከቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው እንዳሳየው፣ ከብርቱዎቹ ጸሐፊዎች መካከል በዕጣ ተመርጠው የክብር ኮከብ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ጓደኞቻቸው 60 ከመቶ ያህል አብልጠው ሠሩ። በ2017 የታተመው ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች የተሰጠ ቀላል የምስጋና ሽልማት በሥራው የሚቀጥሉትን ሰዎች ቁጥር በ20 ከመቶ ያህል እንዳሳደገ አረጋገጠ። ልብ እንበል፤ በሁለቱም ሰዎቹ «ይህን ያህል ከሠራህ ይህን ታገኛለህ» አልተባሉም። ሥራቸው ታይቶ ሳይጠብቁት ተመሰገኑ። ይህ ከወንፈል ይልቅ ለደቦ ዘፈን ይቀርባል።

ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት ድምዳሜ አጭር ነው። አንደኛ፣ የሚቆጥረውና በቁጥሩ የሚመሰገነው አንድ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው የዋለው ሳይሆን የቀረው ይሁን፤ የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው፣ ያለፈው ሳይሆን ያነበበው። ሦስተኛ፣ ዘንባባ የሚሰጥ ሁሉ ዱቄቱን ማን እንዳቀበለ ጎረቤትን ይጠይቅ።

ይህን የምለው ለትናንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ምድር ብዙ መከራ አይቷል። ሰላም ሲመጣ፣ ይመጣልም፣ ማን ለሀገሩ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ እንደ 1933ቱ ሁሉ መነሳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በቁጥር ብቻ ከፈረድን ጯኺው ይሾማል፤ በችሮታ ብቻ ከፈረድን ቂም ይወለዳል። ቁስለኛ ያነሣውን፣ ሙት የቀበረውን፣ ወላጅ አልባ ያሳደገችውን ማን ይቆጥርላቸዋል? መልሱን ከአሁኑ ብናስብበት መልካም ነው።

እናቴ ወረቀቷን አሁንም አልጣለችውም። ለምን እንደምታስቀምጠው ስጠይቃት፣ «ያስተማረችኝ ልጅ በእጇ የሰጠችኝ ነዋ!» ብላኛለች። ማኅተሙ ሳይሆን እጁ ነው የታወሳት።

ቸር ይግጠመን።