የነፍስ አባትና የካርድ ክፍል፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ የባለሙያና የታካሚ ትውውቅ ታሪክ

የአገራችን የጤና አገልግሎት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕንፃ ነው፤ ይህን ያህል ሆስፒታል፣ ይህን ያህል ጤና ጣቢያ፣ ይህን ያህል ጤና ኬላ ይባላል። የአልጋው ብዛት፣ የባለሙያው ቁጥርና የሽፋኑ መቶኛ ይከተላል። አንድ ታካሚ ከዓመት ዓመት ሲመላለስ የሚያገኘው ያንኑ ባለሙያ ነው ወይስ በየጊዜው አዲስ ሰው? ለዚህ ጥያቄ በሪፖርቶቻችን ውስጥ ዓምድ አልተሠራለትም። በሌላው ዓለም ግን ጉዳዩ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ክርክር ነው። በብሪታንያ በሎርድ ዶውሰን የተመራው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1920 ባቀረበው ዘገባ፣ በየሠፈሩ ለየብቻ የሚሠሩ ሐኪሞች በጤና ማዕከል ተሰባስበው እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ እዚያው አገር ትልልቅ የጋራ ክሊኒኮች ይከፈቱ በተባለ ጊዜ የአገሪቱ የሕክምና ማኅበር ታካሚው የሚያውቀውን ሐኪም ሊያጣ ነው ሲል ሰፊ ተቃውሞ አስነሣ።

በእኛ ዘንድ ክርክሩ በዚህ መልክ ሊነሣ አይችልም ነበር፤ ብዙኃኑ ሕዝብ የቤተሰብ ሐኪም ኖሮት አያውቅምና። ይሁን እንጂ ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ቁም ነገር፣ ማለትም ታማሚውን ማን ያውቀዋል፣ ታሪኩንስ ማን ያስታውስለታል የሚለው፣ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከገሳይ እስከ አዲስ ዘመን ባለው አገር የራሱ ታሪክ አለው።

በዚህ አገር የአውሮፓ ሐኪም ምክር ከተሰማባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የንጉሥ ጉዳይ ነበር። በ1858 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በጣና ዳር ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ከራሳም ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ሠራዊቱ የሐይቁን ዳር ለቆ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ እንዲወጣ እንደ መከረና ንጉሠ ነገሥቱም ምክሩን እንደ ተቀበሉ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ራሱ ወደ መቅደላ ተላከና እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እስረኛ ሆኖ ቆየ። (በዚያው በመቅደላ ፍጻሜ እንግሊዞች ይዘውት የሄዱት ሕፃን አድጎ፣ በሕንድ ተምሮ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሆኖ መመለሱ ከታሪክ ግጥምጥሞሽ አንዱ ነው።) ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን የራስ ሐኪም ማለት የቤተ መንግሥት ሐኪም ማለት ነበር፤ አፄ ምኒልክም ከጓዴሎፕ የመጡትን ዶክተር ቪታልየንን በግል ሐኪምነት ይዘው ነበር።

ሕዝቡ ግን ፈጽሞ ያለ አዋቂ አልኖረም። ወጌሻው፣ ባለመድኃኒቱ፣ ልምድ አዋላጇ ነበሩ፤ የመድኃኒት መጽሐፍ ያለው ደብተራም ነበር። የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት የቱን ያህል ይጠቅም እንደ ነበር የቱንስ ያህል ይጎዳ እንደ ነበር ሌላ ጥናት የሚሻ ነው። እዚህ ላይ የምናነሣው ስለ ትውውቁ ብቻ ነው። ወጌሻው የልጁን ክንድ ሲያሽ አባትየው በየትኛው ክረምት ከበቅሎ እንደ ወደቀ ያውቃል። ከዚህም ይልቅ ጠበቅ ያለው ምሳሌ የነፍስ አባት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ የክርስቲያን ቤት ሁሉ የነፍስ አባት አለው። ይህ ካህን የሚመዘገበው በግለሰብ ሳይሆን በቤት ነው፤ ባልና ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ሽማግሌዎቹን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሲታመሙ ይጠራል፤ ሲሞት ወይም ሲርቅ ሌላ ይያዛል እንጂ በየሳምንቱ አይለዋወጥም። በሌላ አገር የቤተሰብ ሐኪም የሚባለውን ሥርዓት ለአንድ የፋርጣ ገበሬ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ደቀ መዝሙሩ ከሩቅ አገር ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ እርሱ ከደብር ደብር አይዛወርም፤ የአገሩ ሰው ዕውቀትን ከአንድ ከሚታወቅ ሰው ጋር አያይዞ የሚያስበው በከንቱ አይደለም።

ዘመናዊው ሕክምና በዚህ አገር የገባው በሌላ መልክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮን በደብረ ታቦር የሕክምና ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከነጻነት በኋላም ቀጠለ። በገጠሩ ደግሞ ድሬሰር የሚባለው ባለሙያ በየክሊኒኩ ተመደበ። ሥልጠናው አጭር፣ የሚጠየቀው ግን ሁሉንም ነበር፤ ሕዝቡም ሐኪም ብሎ ጠራው።

ትልቁ ውሳኔ የተደረገው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ድርጅት የተባበሩበት ይህ ተቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን አሠለጠነ። የታሰበው ግልጽ ነው፤ ሦስቱ በአንድ ቡድን ወጥተው፣ 50,000 ያህል ሕዝብ በሚያገለግል ጤና ጣቢያ ተቀምጠው፣ ከማከም ይልቅ በሽታን መከላከልን ያስቀድማሉ። ሲድኒና ኤሚሊ ካርክ እ.ኤ.አ. በ1940 በደቡብ አፍሪካ ፖሌላ የጀመሩት ጤና ማዕከልም ከዚሁ አሳብ ጋር ዝምድና አለው። ነገር ግን በፖሌላ ሠራተኞቹ የተወሰኑ ቤቶችን ለይተው ይዘው፣ እየዞሩ ይጎበኙ፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሁኔታ ይመዘግቡ ነበር። በእኛ አገር 50,000 ሰው ለአንድ ቡድን ሲሰጥ ይህ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ያ ውሳኔ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደጋውን ሳይቀር አዳርሶ፣ በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህል ገድሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት፣ ርጭትና የተደራጀ ኃይል ነው፤ የእያንዳንዱን ቤት ጠባይ የሚያውቅ አንድ ሐኪም ብቻውን ምን ያደርጋል? ሐኪሞች በጣት በሚቆጠሩበት አገር ለየቤተሰቡ ሐኪም እንስጥ ማለትም ለከተማ ባለጸጎች ብቻ ሐኪም እንስጥ ማለት ይሆን ነበር። በዚህ ረገድ የጎንደር መሥራቾች ትክክል ነበሩ። የጎደለው ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው ሲሠራ ታካሚው የተሰጠው ለሕንፃው እንጂ በሕንፃው ውስጥ ላለ ሰው አልነበረም።

የዚህ ምልክቱ የካርድ ክፍል ነው። ታማሚው በጠዋት ተሰልፎ ካርዱን ያስወጣል፤ ካርዱ ከጠፋ አዲስ ይወጣለታል፤ አዲስ ካርድ ማለት ደግሞ ያለፈ ታሪክ የሌለው ሰው ማለት ነው። ተራው የደረሰው ባለሙያ ያየዋል። ባለሙያውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አገሩን ሳይለምድ ዝውውር የሚጠብቅ ነው። ወጣት ሐኪሞች በዕጣ የተመደቡበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ዕጣ ፍትሐዊ ነው፣ ነገር ግን በዕጣ የመጣ ሰው የሚቆጥረው የሚለቀቅበትን ቀን ነው። ጥፋቱን በወጣቶቹ ላይ መጫን አይገባም። ቤት፣ መንገድ፣ የትምህርት ዕድል ሳይዘጋጅ በጉና ግርጌ ብርድ ዐሥር ዓመት ኑር ማለት ቀላል አይደለም።

ትውውቅ መጉደሉ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር በወረዳው መኖሩ ሲረጋገጥ በሽታው ሰዎችን ሲገድል ቆይቶ ነበር። በአካባቢው ከዚያ በፊት የማይታወቅ ስለ ነበር በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነው። ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለቀን ሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች በሽታውን ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታመናል። ከዚያ በኋላ በድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና በክልሉ ጤና ቢሮ ትብብር በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታክመዋል። ይህን ወረርሽኝ ያገኘው ቤተ ሙከራና ድርጅት ነው፤ ይህ የትልቁ የጋራ ተቋም ድል ነው። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ወስዶ ሳይድን የተመለሰን፣ እንደገና ወስዶ እንደገና የተመለሰን ሰው ያው አንድ ባለሙያ ቢያየው፣ ሆዱ እየነፋ ሥጋው እየቀነሰ መሄዱን ከካርድ ሳይሆን ከዓይኑ ቢያውቅ፣ ጥያቄው ቀደም ብሎ አይነሣም ነበርን? ይነሣ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም እያንዳንዱ ጉብኝት እንደ መጀመሪያ ጉብኝት በሚቆጠርበት ሥርዓት ውስጥ የሕክምናው አለመሥራት ራሱ ምልክት መሆኑ ለመታየት ብዙ ይዘገያል።

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ደስ ያሰኛል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ሆስፒታል ተነሥተው የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱ። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚወስደው ገበሬ መድኃኒቱን ለማግኘት ረጅም መንገድ ተጉዞ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት፤ ብዙዎችም በመካከል ያቋርጡ ነበር። በአዲሱ አሠራር የሠለጠነ ነርስ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በቀጠሮ ይከታተለዋል፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ደግሞ በየጊዜው እየመጣ ይደግፈዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁና ትንሹ ተቋም አልተጣሉም፤ ሥራውን ተከፋፈሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ ሲሰጥም ጤና ጣቢያዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተማሩት ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ሰው ስሙን ጠርቶ መፈለግ፣ ቤቱ ድረስ መሄድ።

የውጭው ማስረጃም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ከመረመራቸው 22 ጥናቶች በ18ቱ፣ ያንኑ ሐኪም ደጋግሞ ማየት ከአነስተኛ የሞት መጠን ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእያንዳንዱ ነዋሪ ቋሚ ሐኪም የሚሰጥ ሥርዓት ዘረጋች፤ 4.5 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናትም ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ድንገተኛ የሆስፒታል መግባታቸው በ28 በመቶ፣ ሞታቸውም በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። እነዚህ የምልከታ ጥናቶች ናቸው፤ ሐኪሙ ስለ ቆየ ሕዝቡ ዳነ ወይስ የተረጋጋ ኑሮ ያለው ሕዝብ ሐኪሙን ጠበቀ የሚለውን ጨርሰው አይፈቱም። ኖርዌይን ከጋይንት ጋር ማወዳደርም ልክ አለው።

ሆኖም ለቤት የተሰጠ ባለሙያ የሚለው አሳብ ወደ እኛም የገባው በሐኪም በኩል ሳይሆን በጤና ኤክስቴንሽን በኩል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተነደፈው መርሐ ግብር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ ሁለት ሠራተኞችን ሰጠ፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የተመረጡ፣ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ኋላም የቤተሰብ ማኅደር በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ካርዱ የግለሰብ መሆኑ ቀርቶ የቤት ሆነ። የነፍስ አባቱን ምዝገባ ያስታውሰናል። ችግሩ፣ ቤቱን የምታውቀው ሠራተኛ የማከም ሥልጣኗ ጠባብ መሆኑ፣ የሚያክመው ባለሙያ ደግሞ ቤቱን አለማወቁ ነው፤ ማኅደሩም በጤና ኬላው ይቀራል እንጂ ታማሚውን ተከትሎ ጤና ጣቢያ አይደርስም።

ሁለት ተጨማሪ እርምጃዎች መጠቀስ ይገባቸዋል። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አባሉም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ፣ ሆስፒታል የሚደርሰውም በሪፈር መሆን አለበት። ስለዚህ መዋጮ የከፈለው ቤት የሚታከምበት ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው፤ የቀረው በዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያን ቤት የሚይዝ ቡድን በስም መመደብ ብቻ ነው፤ ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በየካቲት 2005 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱን የመጀመሪያ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና በ7 ሐኪሞች ከፈተ። በሦስት ዓመት የሚወጣ ጥቂት ስፔሻሊስት ለ50,000 ሕዝብ ሊዳረስ አይችልም። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቶችን ተከፋፍለው ሲይዙ ግን እርሱ የጎንደሩ ሐኪም ለገጠር ነርሶች እንደ ሆነው፣ ከበላይ ሆኖ የሚመክርና የከበደውን የሚቀበል ይሆናል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ለልምምድ ሲልክ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በቆይታው ሁሉ የሚከታተላቸው ጥቂት ቤቶች ቢሰጡት፣ ሲመረቅም ማኅደራቸውን በስም ለሚተካው ቢያስረክብ፣ ሙከራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።