ደወልና ደወል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደወል አገልግሎትና ስለ ወላይታ ምድር

በግዕዝ ቋንቋ «ደወል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም ይዞ ይገኛል። አንደኛው በአማርኛም የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን መጥሪያ ነው፤ ሁለተኛው አገር፥ አውራጃ፥ ወሰን ማለት ነው። የግዕዙ ወንጌል ስለ ጢሮስና ስለ ሲዶና አውራጃ ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ይኸው ነው። ቃላቱ በድምፅ ስለ ተገናኙ ብቻ ሥራቸው አንድ ነው ማለት አይገባም፤ ሆኖም ግጥጥማቸው ለታሪክ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም ደወል የሚሰማበት ምድር ሁሉ የደወሉ አገር ነውን? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ስለ ደወል አገልጋዮች ሥርዐት ይናገርና ጥያቄውን በመጨረሻ በወላይታ ምድር ላይ ይመለከተዋል።

በእንግሊዝ አገር የደወል መደወል ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ፥ የጥበቡም ባለቤቶች ራሳቸውን የቻሉ ማኅበር ሆነዋል። በለንደን «የኮሌጅ ወጣቶች» የተባለው የደዋዮች ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1637 እንደ ተመሠረተ በትውፊት ይነገራል። ደዋዮቹ የደወሎቹን ተራ በቍጥር ሕግ እያለዋወጡ ይደውላሉ፤ ሰባት ደወሎች ብቻ 5040 የተለያዩ ተራዎች ስላሏቸው፥ ሁሉንም ሳይደግሙ ለመፈጸም ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አብዛኞቹ ደዋዮች ካህናት ሳይሆኑ ምእመናን ነበሩ፤ ከደብሩ ካህን ጋርም ብዙ ጊዜ ይጣሉ ነበር። ይህን ጠብ አስወግዶ ደዋዮቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለመመለስ በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በየአውራጃው ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1891ም ማዕከላዊ ምክር ቤት ቆመላቸው።

በኢትዮጵያ ደወል እጅግ የቈየ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ የደዋዮች ማኅበር አልተፈጠረም። ምክንያቱን ለመረዳት የደወሉን ዐይነት አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። የጥንቱ ደወላችን በአብዛኛው የድንጋይ ነው። ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተመርጦ፥ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ በገመድ ከዛፍ ወይም ከእንጨት መስቀያ ላይ ይንጠለጠላል፤ በትንሽ ድንጋይም ይመታል። በጣና ደሴቶች ገዳማት ይህ እስከ ዘመናችን ይታያል። ከ1520 እስከ 1526 በአውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን የቈየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ረዣዥምና ስሥ የድንጋይ ደወሎች በገመድ ተሰቅለው በዱላ ሲመቱ እንዳየ ጽፎአል። ሥርዐቱም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የጋራ ነበር፤ በግሪክና በሶርያ ገዳማት መጥሪያው በመዶሻ የሚመታ ሳንቃ ወይም ብረት ነበርና። በግንብ ላይ የሚሰቀለው የቀለጠ ብረት ደወል በአገራችን የበዛው ከውጭ አገር ጋር ግንኙነት ከሰፋ በኋላ ነው።

ደወል የጊዜ ጠባቂም ነው። በግዕዝ መለከትና ደወል «መጥቅዕ» ይባላል፤ ይህም ቃል በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት ከሚያገለግሉት ቍጥሮች የአንዱ ስም ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ። በአማርኛም ድምፁ ያማረውን ሰው «ድምፀ መረዋ» ስንለው የምናመሰግነው በደወል ስም ነው።

እንግዲህ ይህን ደወል የሚመታው ማን ነው? የደብሩ ካህናትና ዲያቆናት በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ፤ ተራ የደረሰውም ሰሞነኛ ይባላል። ደወል መምታት፥ በቅዳሴ ጊዜም ቃጭል ማሰማት ከሰሞነኛው ሥራ ተለይቶ አይታይም፤ ዕቃው ሁሉ በገበዙ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ ደወሉን «የእኔ ጥበብ ነው» የሚል የተለየ ወገን ሊነሣ አልቻለም። ምእመናኑም በበኩላቸው ማኅበር አላጡም፤ በየወሩ በቅዱሱ ስም የሚጠጣው የጽዋ ማኅበርና በየእሑዱ የሚሰበሰበው ሰንበቴ በየደብሩ አሉ። እንግሊዞች ማኅበርን በደወሉ ገመድ ዙሪያ ሲያቆሙ፥ እኛ ደወሉ በሚጠራበት ማዕድ ዙሪያ አቆምነው።

ነገር ግን ሰሞነኛው የሚበላው ያስፈልገዋል። «ሰሞን» የሚለው ቃል ከአገልግሎቱ ወደ መሬቱ ተላልፎ፥ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መተዳደሪያ የተሰጠው ርስት የሰሞን መሬት ተባለ። ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለውን ግብር ለቤተ ክርስቲያን ይከፍላል ማለት ነው። ደወሉን የሚሰማው ሕዝብና መሬቱን የሚያርሰው ሕዝብ አንድ በሆነበት አገር ይህ ሥርዐት የጋራ ኑሮ ክፍል ነው። ሁለቱ በተለያዩበት አገር ግን ደወሉ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ወላይታን የምንመለከተውም ስለዚህ ነው።

ወላይታ ከክርስትና ወሬ ፈጽሞ የራቀ ምድር አልነበረም። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱን ንጉሥ የሞተለሚን ታሪክ ያወራል፤ የወላይታም የነገሥታት ትውፊት ይህን ስም ያነሣል። ሕዝቡም ዘመኑን የሚቈጥርበት የራሱ ሥርዐት ነበረው፤ የዘመን መለወጫውን የጊፋታን ቀን የሚወስኑት ጨረቃን የሚመለከቱ ዐዋቂዎች ናቸው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተው ከብርቱ ጦርነት በኋላ ካዎ ጦና ቈስለው በተማረኩ ጊዜ የወላይታ መንግሥት ፈረሰ። ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ዘመቻውን በዐይኑ አይቶ ስለ እልቂቱና ስለ ምርኮው ብዛት መስክሮአል። ከዚያ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ከአዲሱ አስተዳደር ጋር አብረው ተተከሉ። ደወሉ በተሰማበት ኮረብታ አጠገብ ብዙ ጊዜ የገዢው ግቢም ነበር፤ ገባሩም ሁለቱን ለይቶ ለመስማት አልተቻለውም።

በ1920 ዓ.ም. በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ የሚመሩ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ወደ ሶዶ መጡ። በ1929 ኢጣሊያኖች ሲያስወጧቸው ተጠማቂዎቹ ከ50 አይበልጡም ነበር፤ ጠላት ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ግን ቍጥራቸው ወደ 10000 ደርሶ አገኙት። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ከኮረብታ ላይ ሳይጠራቸው ነው። የአገሩ ተወላጆች የሆኑ ሰባኪዎች በእግራቸው ከቤት ወደ ቤት ሄዱ፤ መሪዎቻቸውም ታሰሩ፥ ተገረፉ። መሬቱ ራሱ ነገሩን ያስረዳል። ከሶዶ ወደ ምዕራብ ወርዶ ሃላሌ ዋና ከተማው ወደ ሆነችው ወደ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የሚሄድ ሰው ምድሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየተቈራረጠ ሲወርድ፥ ቤቶችም በማሳቸው መካከል ተበታትነው ሲቆሙ ያያል። በእንዲህ ያለ አገር የደወል ድምፅ አንዱን ጎን ሲመታ ከሌላው አይደርስም፤ የእግር መንገድ ግን ከሁሉም ይደርሳል።

ይህን በማለታችን ደወሉ ለወላይታ ሰው ባዕድ ሆኖ ቀረ ማለታችን አይደለም። የሰሞን መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት ዐዋጅ ከቀረ ወዲህ በወላይታ ያሉ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የቆሙት በሚሰሙአቸው ምእመናን መዋጮና ጕልበት ነው፤ ከምእመናኑም ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። እንግዲህ ደወሉ የአገሩ ደወል የሆነው መሬቱን ባጣ ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዛሬ የድምፅ ማጕያ የደወሉን ሥራ ከፊሉን ወስዶበታል፤ ከልዩ ልዩ ቤተ እምነቶችም የሚወጣው ድምፅ በአንድ ከተማ ሰማይ ላይ ይገናኛል።

ከዚህ ሁሉ ለተመራማሪዎች አንድ የሥራ መንገድ ይወጣል። የደብር ታሪክ ሲጻፍ ደወሉን ማን ሰጠ፥ መቼ ተሰቀለ ብሎ መመዝገብ ደግ ነው፤ ግን አይበቃም። ደዋዩን ማን አበላው? ድምፁን ማን ሰማው? ሰምቶስ ማን መጣ፥ ማን ቀረ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህንንም ከካህናቱ ጋር ከገባሮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች መስማት ይገባል። ደወል የአገር ወሰን የሚሆነው ድምፁ እስከሚደርስበት ሳይሆን፥ የሰማው ሰው «እኔን ነው የጠራኝ» እስከሚልበት ድረስ ነውና።