አዲስ ሐረር ያልሆነችው ጣቢያ

ድሬዳዋ በመንግሥት የወጣላት ስም ድሬዳዋ አልነበረም። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ሲቆም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተብሎ እንዲጠራ አደረጉ። በዚያ ዘመን «አዲስ» የሚል ቃል የገባበት ስም ይቀና ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያወጡት አዲስ አበባ ጸንቷል፤ አዲስ ዓለምም እስከ ዛሬ አዲስ ዓለም ናት። አዲስ ሐረር ግን ከወረቀት አልወረደችም። ግመል ነጂውም፣ ወዛደሩም፣ ጨው ገዝቶ የሚወጣው ነጋዴም ሜዳውን የቀድሞ ስሙን አልነሡትም። የባቡሩ ፈረንሳዮችም በአዲሱ ስም ብዙ አልቆዩም፤ በየፖስታ ካርዱ ላይ ያተሙት «ዲሬ ዳዋ» ብለው ነው።

ስሙ ለምን እንዳልያዘ ለማወቅ ለምን እንደወጣ መጠየቅ ይቀድማል። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ መስመሩን በሦስት ከፍሎት ነበር፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሐረር በውሉ ላይ በስም ተጠርታለች። የወርቁ፣ የቡናው፣ የቆዳው ንግድ መናኸሪያ እሷ ናት፤ ገዥዋም የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ሰው ራስ መኮንን ናቸው። ባቡር ወደ ሐረር ካልሄደ ወዴት ሊሄድ ነው?

መልሱን የሰጠው መሬቱ ነው። ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በመኪና የወጣ ሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የዳገቱ ዋናው ክፍል ደንገጎ ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚገኘው። የአንድ ሜትር ስፋት ባለው ሀዲድ ላይ የሚሳብ የእንፋሎት ባቡር እንዲህ ያለውን ዳገት የሚወጣው ብዙ ዋሻና ብዙ ድልድይ ተሠርቶለት ነው። ሀዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ደግሞ ያን ጊዜ ገንዘብ አጥሮት ነበር። በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሥራ በበረሃው፣ በውሃ እጦቱ፣ መሬታቸው ሲቆረስ ዝም ብለው ማየት ባልፈለጉት የኢሳ ጎሳዎች ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ወጪ አስወጥቶታል። ስለዚህ ሀዲዱ ሐረርን ወደ ግራ ትቶ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ።

እኔ እንደሚመስለኝ «አዲስ ሐረር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ጉድለት ነው። ውሉ ሐረር ይላል፤ ባቡሩ ሐረር አልደረሰም፤ እንግዲያው ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ሐረር ይባል። ስሙ የተሰፋው በቦታው ልክ አልነበረም፤ ቀረ የተባለውን ነገር ለመሸፈን ነበር። ሐረር ግን ግንቧን፣ አምስት በሮቿንና መስጊዶቿን ይዛ እዚያው ተራራው ላይ ነበረች። በበቅሎ መንገድ ብዙ በማይርቅ ቦታ ሁለተኛ ሐረር ማን ይቀበላል?

ቦታው የራሱ ስም ነበረው፤ ትርጉሙ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ኦሮሞዎቹ «ድሬ» ሜዳ ማለት ነው ይላሉ፤ በዚህ የሚከራከራቸው የለም፤ በቦረናም ድሬ የሚባል ወረዳ አለ። ክርክሩ ያለው «ዳዋ» ላይ ነው። አንዳንዱ ከመድኃኒት ጋር ያገናኘውና «የመድኃኒት ሜዳ» ይላል፤ ሌላው ከመምታት፣ ከግጭት ጋር ያያይዘዋል። ሶማሌዎቹ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው፤ የጎሳቸው አባት ዲር ጦሩን መሬት ላይ የተከለበት ቦታ ነው ይላሉ። በዙሪያዋ የሚኖሩት ኢሳና ጉርጉራ ራሳቸውን ከዲር ስለሚቆጥሩ ታሪኩ ባለቤት የሌለው አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው በበኩሉ «ዳዋ በላው» ከሚለው ጋር ያገናኘዋል፤ ይህ ግን የጆሮ ጨዋታ ከመሆን አያልፍም። የጦሩ ታሪክ ሸጋ ነው፤ ቢሆንም የቦታ ስምን ከአንድ ሰው ክንድ የሚያመጣ ታሪክ ሁሉ ትንሽ ያጠራጥረኛል። «ሜዳ» የሚለው ግማሽ ይበቃኛል፤ ከደንገጎ ቁልቁል ሲያዩት ሜዳ ነውና። ጉርጉራዎች ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ስለሚናገሩ ስሙን ከሁለቱ አንዱ ቋንቋ ላይ ቸንክሮ ማስቀረት ራሱ የአካባቢውን ሰው አለማወቅ ይመስለኛል።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት የሀዲዱ መድረስ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ቆሞ መቅረቱም ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለገንዘቦች ኩባንያውን ሲጓተቱበት፣ የፈረንሳይ መንግሥትም እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቆጡና ሥራው ወደ ፊት እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያው ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሀዲዱም ወደ አዋሽ የተንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በዚያ መካከል ባሉት ዓመታት የመስመሩ ጫፍ ድሬዳዋ ነበረች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚህ ከፉርጎ ይወርዳል፣ ይቀረጣል፣ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ከደጋ የወረደው ቡናና ቆዳም እዚህ መጋዘን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ጫፍ ላይ ያለ ጣቢያ መጋዘን፣ ጉምሩክ፣ ማደሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ገንዘብ መንዛሪ ይፈልጋል። የሐረር ነጋዴዎችም ቁልቁል ወረዱ፤ ሐረር ለዘመናት የያዘችውን የንግድ በር ባንድ ትውልድ ውስጥ አጣች። ሀዲዱ ሳይቋረጥ ወደ ሸዋ ቢቀጥል ኖሮ ድሬዳዋ እንደ ኤረር ወይም እንደ አፍደም ባቡር ትንፋሽ የሚወስድባት ትንሽ ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

የመሐል ከተማዋ አቀማመጥ ይህን ይመሰክራል። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ጣቢያው ያለበት ወገን ከዚራ ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች በገመድ ለክተው ያወጧቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላቸው መንገዱን የሚሸፍን ዛፎች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የፈረንሳይ፣ የግሪክና የአርመን ቤቶች የሚገኙት በዚህ በኩል ነው። ማዶው መጋላ ነው፤ ቃሉ በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ የሰፈረበት፣ መንገዱ እንደ ሰው አካሄድ የሚጠማዘዝ፣ ገበያው ውስጥ የሚገባ ወገን ነው። ስለ ከዚራ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «የአውሮፓ ሰፈር» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ያን ሰፈር ያቆመው የመጋላ ትከሻ ነው፤ ፉርጎውን ያራገፈው፣ ውሃ የቀዳው፣ ግመሉን የጫነው ሰው በየማታው ደቻቱን ተሻግሮ ነበር የሚገባው።

ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ አህያ ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ዳርቻው ላይ ያለው ገበያ ስሙ አሸዋ ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ተራራው ላይ ስለሆነ ጎርፉ የሚመጣው ከተማዋ ደረቅ ሆና እያለች ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የሰፈሮቹን ስም ተራ በተራ ያነበበ ሰው ከተማዋን ማን እንደሠራት ያውቃል። ግሪክ ካምፕ አለ፤ ነምበር ዋን አለ፤ ፖሊስ መሬት አለ። ገንደ ቆሬ አለ፤ ገንደ መንደር፣ ቆሬ እሾህ ነው በኦሮምኛ። ከሁሉም የሚያሳስተው ለገሃሬ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው «ለጋሀር» ይላል፤ የፈረንሳዮቹ ላ ጋር፣ ማለትም ጣቢያው። የድሬዳዋው ለገሃሬ ግን ከባቡር ጋር ዝምድና የለውም፤ ለገ ወንዝ፣ ሃሬ አህያ ነው፤ የአህያ ወንዝ። በአንድ መስመር ላይ ባሉ ሁለት ከተሞች ሁለት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ስሞች ከሁለት የማይገናኙ ቋንቋዎች ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ለስያሜ ጸሐፊ ወጥመድ ነው፤ ብዙዎች ወድቀውበታል።

ፈረንሳይኛው ግን በከተማዋ አልጠፋም፤ የሚኖረው ከጣቢያው ጀርባ ባለው የጥገና ግቢ ውስጥ ነው። የመስመሩ ትልቁ የጥገና ማዕከል የተሠራው እዚህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር ከሆነው መስመር ከጅቡቲ 310 ያህል ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከበረሃው ወጥቶ ወደ ደጋው ከመግባቱ በፊት የሚገኝ ቦታ ነው። ሠራተኞቹ ቋንቋውን የተማሩት ከመሣሪያው ጋር ነበር፤ የቁልፉ ስም፣ የብሎኑ ስም፣ የፍሬኑ ስም፣ የሥራ ትእዛዙ በፈረንሳይኛ ነበር የሚሰጠው። ግቢው ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው በቆዳ ቀበቶ የሚዞሩ የብረት መላጊያ ማሽኖች፣ ከጎናቸው ደግሞ ጎማቸው ተፈትቶ በእንጨት ላይ የተቀመጡ ፉርጎዎች ያገኛል። ለጎብኚ የሚያስረዱት ጡረተኞች ሰላምታቸውን በፈረንሳይኛ ይጀምሩና፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ሲያሳዩ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ መሐል ላይ ኦሮምኛ ይገባል። የጣቢያው ግንባር ላይ ያለው ጽሑፍም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይወስዳል፤ አንዱ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ይታደራል። ሆቴሎቹ የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለስደት ሲሄዱ ያለፉት በዚህች ጣቢያ በኩል ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ከኦጋዴን የወጣው የኢጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦር የተገናኙት እዚሁ ነው። የሶማሊያ ጦር በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከተማዋን ለመያዝ ሲሞክርም የፈለገው ይህንኑ መጋጠሚያ ነበር፤ ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩ ለወራት ቆመ፣ ከተማዋ ግን አልተያዘችም።

ከስያሜው ጉዳይ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ መታየት አለበት። በዚሁ ሀዲድ ምዕራብ ጫፍ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት»፣ አዳማ «ናዝሬት» ተብለው በትእዛዝ ተሰይመዋል። እነዚያ ስሞች ተይዘው ለዓመታት በሰው አፍ ኖሩ፤ በይፋ ወደ ቀድሞ ስማቸው ከተመለሱ በኋላም ናዝሬት የሚል ሰው ዛሬም ሞልቷል። አዲስ ሐረር ግን ጥቂት ዓመት እንኳ አልኖረችም። ልዩነቱ በትእዛዙ ብርታት ላይ ያለ አይመስለኝም። ደብረ ዘይትና ናዝሬት ትምህርት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ የአውቶቡስ ታፔላና ካርታ ስምን በሚያስተምሩበት ዘመን ነው የመጡት። አዲስ ሐረር በመጣችበት ዘመን ግን ስምን የሚያስተምረው ጭነት ነበር፤ ጭነቱ ደግሞ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚነዳ ነበር።

ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቋረጥ ከተማዋ ላይ የወረደው ጉዳት በቁጥር ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ጣቢያው ፊት ለፊት የሚቆሙት አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ተሳፋሪያቸውን አጡ፤ ቦታውን ባጃጅ ወረሰው። ባቡሩ ይዞት ይመጣ የነበረው ጨርቅ፣ ቴፕና ሽቶ ታይዋን በሚባለው ገበያ ይሸጥ ነበር፤ ገበያው አልተዘጋም፣ ዕቃው ግን መንገዱን ወደ መኪና ቀየረ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከከዚራ አይነሣም፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። መንገደኛው ከባቡሩ ወርዶ በእግሩ ወደ ከዚራ ጥላ መግባት አይችልም፤ መኪና ይጠብቃል። በመልካ ጀብዱ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ነፃ የንግድ ቀጠናም በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በዚህኛው ጊዜ መንግሥት ለቦታው አዲስ የከተማ ስም አላወጣም። ሠራተኛ የሚያመላልሰው ረዳት ግን በየጧቱ የሚጣራው ፓርክ ብሎ ሳይሆን መልካ ጀብዱ እያለ ቢሆን አይገርመኝም።