ቃዲን ማን ይሾመዋል? የሸሪዓ ዳኞች ሹመትና ነፃነት

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ የሚራስ ወይም የፍቺ ክርክር ቢገጥመው ሕጉ ሁለት በር ይከፍትለታል፤ መደበኛ ፍርድ ቤትና ሸሪዓ ፍርድ ቤት። በሁለቱም በኩል ማን ዳኛውን እንደሚሾመው ማወቅ ይጠቅመናል።

መደበኛው ዳኛ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የወረዳ ዳኞችን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ሲሆን፣ ዕጩዎቹን የሚያቀርበው የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የዲሲፕሊንና የዝውውር ጉዳይም የጉባኤው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፍርዱ የተቆጣ ባለሥልጣን ዳኛውን ወደ ሩቅ ወረዳ ማዛወር ከቻለ፣ በአንቀጽ 79 የተደነገገው ነፃነት በወረቀት ላይ ይቀራል።

ቃዲው

የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በ1936 በአዋጅ ቁጥር 62 ተደራጁ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በሦስት ደረጃ ቆሙ፤ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። በዚህ አዋጅ ዕጩ ቃዲዎችን የሚያቀርበው መጅሊስ ነው፤ የሚሾመው ግን የፌዴራሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ቃዲ የሚሆን ሰው በኢስላማዊ ሕግ የሠለጠነ ወይም በቂ ዕውቀትና ልምድ ያለው፣ በመልካም ሥነ ምግባሩ የታወቀ፣ ዕድሜውም ከ25 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። የክልል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚመሩት በየክልላቸው ሕግ ነው።

የጠቋሚና የሿሚ መለያየት ጥቅም አለው። መጅሊሱ ራሱ በወቅፍ ንብረት ክርክር ሊገባ ይችላልና፣ የጠቆመው ቃዲ የእርሱ ሠራተኛ ሆኖ መታየት የለበትም። ኢማም አቡ ሐኒፋ የኸሊፋ አል-መንሱርን የቃዲነት ሹመት አልቀበልም ብለው መታሰራቸው ይነገራል፤ ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆኑ። ሁለቱም ያወቁት ሐቅ አንድ ነው፤ ሹመት አማና ነው፣ ሿሚን ማስደሰቻ አይደለም።

ፈቃድና እምነት

መደበኛው ዳኛ ብናምነውም ባናምነውም ሥልጣን አለው። ቃዲ ግን ሥልጣን የሚያገኘው በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው፤ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የሚለው ይህንኑ ነው። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያለ ተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሰጠውን ውሳኔ ውድቅ አድርጓል። ስለዚህ የቃዲ አሿሿም ንጹሕ ካልሆነ ፈቃዱም ይቀራል፤ እህቶቻችን በሚራስና በፍቺ ጉዳይ ወደ ሌላው በር ይሄዳሉ።

ለመጅሊስ ምርጫ ድምፅ ስንሰጥ ቃዲ የሚጠቁሙልንን ሰዎች እየመረጥን መሆኑን አንርሳ። ወላሁ አዕለም።